የድሮ ቤንዚን ሞተር ነዳጅ አልወስድ ሲል፦ ማጠብ፣ ማስጠገን፣ ካርቡሬተር መቀየር ወይስ አዲስ መግዛት?

ግንቦት ላይ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለችው ጭማቂ ቤቴ መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፏል። ፍሪጁ ውስጥ የተላጠ ማንጎና አቮካዶ አለ። የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ የተላጠ ማንጎ ያለ ፍሪጅ ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል። ጄነሬተሩን ጎተትኩት። ተነሳ፣ አሥር ደቂቃ ሠራ፣ ጠፋ። ትንሽ አርፌ ጎተትኩት። ተነሳ፣ አሁንም ጠፋ።

በዚያ ቀን ሦስት ሰው ሦስት ምክር ሰጠኝ። ጎረቤቴ «ካርቡሬተሩን አሳጥቢው» አለኝ፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለውን ክፍል ማለቱ ነው። መለዋወጫ የሚሸጠው ልጅ «አሮጌ ካርቡሬተር ታጥቦ አይድንም፣ አዲስ ግጠሚ» አለ። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ «ሽጪውና ተገላገዪ» አለኝ። የልጁን ምክር ሰማሁ። አዲስ ካርቡሬተር ተገዛ፣ ተገጠመ። በማግስቱ ሞተሩ እንደገና አሥር ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ለካ ችግሩ የታንኩ ክዳን ነበር። ክዳኑ ላይ ያለችው፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። ምንም የማያስወጣ ጥገና ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ጄነሬተርም፣ ሐሮማያ ያለውን የአጎቴን የውሃ ፓምፕም እኔ ነኝ የምከታተለው። ይህን የምጽፈው እኔ የገባሁበት ግራ መጋባት ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። ጽሑፉ ስለ ትንንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ነው፤ ጄነሬተር ላይ፣ የውሃ ፓምፕ ላይ፣ አንዳንዴም ትንሽ ወፍጮ ላይ የምናያቸው ዓይነት። ናፍጣ ሞተርን አይመለከትም።

በምን እንመዝን?

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የዛሬው ቁጥር ለነገ አይሆንም። ወጪውን ከአዲስ ማሽን ዋጋ አንጻር ነው የማየው። ሌሎቹ መመዘኛዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ማሽኑ ስንት ቀን ይቆምብኛል? ጥገናው ምን ያህል ያቆያል? ዕቃው እዚሁ ይገኛል? ማሽኑ የሚሠራው ድሬ ታች ነው ወይስ ሐረርና ሐሮማያ ላይ?

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ሌላ ነው። ነዳጁ የቆመው የት ጋ ነው? ከታንኩ ጀምሮ እሳት እስከሚሰጠው ካንዴላ ድረስ ያለው መንገድ አንድ ክንድ አይሞላም። የቆመበትን ቦታ ሳያውቁ አማራጭ መምረጥ፣ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። ስለዚህ ወደ አማራጮቹ ከመሄዴ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በእርግጥ ነዳጅ ነው?

መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። በእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ፣ ዘይት ሲጎድል ካንዴላው እሳት እንዳይሰጥ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለ። ዘይቱ ከጎደለ፣ ወይም ማሽኑ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ፣ ቀኑን ሙሉ ብትጎትቱት አይነሳም። ሰው ግን ቶሎ የሚጠረጥረው ካርቡሬተሩን ነው። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አስቀምጡና ዘይቱን ለኩ።

ቀጥሎ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል፣ እጅን ይይዛል። ምንም ሳይከብድ ሸርተት የሚል ከሆነ ግፊቱ ጠፍቷል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር አይጨመቅም ማለት ነው። ያኔ ካርቡሬተር ማጠብ አይረዳም።

ሦስተኛው የማንኪያ ሙከራ ነው። ካንዴላውን ፍቱት። የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆን ቤንዚን በቀዳዳው ጨምሩ። ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩ፣ የፈሰሰ ካለ ጥረጉ፣ የቤንዚን ዕቃውን አርቁና ጎትቱ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሠርቶ ከጠፋ እሳቱም ግፊቱም ደህና ናቸው፤ ጎድሎበት የነበረው ነዳጅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ፍለጋ ሁሉ ነዳጁ የት እንደቆመ ማወቅ ነው።

ይህንንም ሆነ ሌላውን ሥራ የጀበና ከሰል በተቀመጠበት፣ ዕጣን በሚጨስበት አካባቢ አትሥሩ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አትቅዱ። ጄነሬተርን ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ቤት ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

የጠርሙሱ ሙከራ

የእኔን ችግር ያገኘው አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ነው። ሙያውን የተማረው በባቡሩ ወርክሾፕ ነው። ድሬ ውስጥ እንዲህ ዓይነት እጅ አሁንም አለ፤ እየቀነሰ ግን ነው። አዲሱን ካርቡሬተር አሳየሁት። አላየውም።

«አቦ፣ ካርቡሬተሩ ምን አደረገሽ? መጀመሪያ ጎማውን ንቀይ!» አለኝ።

ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን የነዳጅ ጎማ ነቀለው። ጫፉን የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ከተተና የነዳጁን መክፈቻ ከፈተ። ቤንዚኑ እንደ ክር ወረደ። ዝም ብለን አየነው። ክሩ ቀጠነ። ከዚያ ጠብታ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ታንኩ ግን ሙሉ ነበር። ሽማግሌው ክዳኑን በሁለት ጣቱ ላላ አደረገው። አየር ሲገባ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቤንዚኑም እንደገና መውረድ ጀመረ።

ጠርሙሱ ቢያንስ ሦስት ነገር ይነግራችኋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የማይወርድ ከሆነ መክፈቻው፣ ወይም ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ወይም ጎማው ተደፍኗል። ወርዶ ወርዶ የሚቆም ከሆነና ክዳኑ ሲከፈት የሚመለስ ከሆነ የክዳኑ መተንፈሻ ነው። ሳይቋረጥ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ እስከዚህ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው።

ጠርሙሱን ወዲያው አትድፉት። አምስት ደቂቃ አስቀምጡትና ከሥር እዩት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ስለዚህ ታች ይቀመጣል። ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርጉት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ የሚሄድ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። ቡናማ አሸዋ የመሰለ ነገር ካለ የታንኩ ዝገት ነው። ቤንዚኑ የአሮጌ ቀለም ሽታ ካለውና ከጠቆረ፣ ተቀምጦ ተበላሽቷል።

ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ቅባት የመሰለ ምልክት ከቀረ ሌላ ነገር አለበት። በተለይ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከተገዛ ቤንዚን ጋር ይህን ሙከራ ልማድ አድርጉት።

ካንዴላው የሚናገረው

ጎትታችሁ ጎትታችሁ እምቢ ካለ በኋላ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም። እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፤ ወይ በዝቶበታል ወይ እሳት የለም። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከነጣ ደግሞ ነዳጁ አንሷል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሞተሩ ቾክ (የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ምላስ) ሲያዝ ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አንዱ ተደፍኗል፤ ወይም የሆነ ቦታ ትርፍ አየር እየገባ ነው። ድምፁ «ው—ው—ው» እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቤንዚን ከካርቡሬተሩ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ወዲያው መክፈቻውን ዝጉ። ነዳጁን የምትዘጋው ትንሽ መርፌ አልዘጋ ብላለች ማለት ነው። የተረፈው ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱን አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ሳትቀይሩት ሞተሩን አታስነሱ። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል።

አማራጭ 1፦ ታንኩንና መስመሩን ብቻ ማጽዳት

በጠርሙሱ ሙከራ ችግሩ ከካርቡሬተሩ በፊት ከተገኘ ሌላ ነገር አትንኩ። ቤንዚኑን ቅዱና አውጡ። መክፈቻው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ በ10 ቁልፍ ፍቱና እጠቡ። ውስጧ ያለችውን ቀለበት ጎማ አትጣሉ። ታንኩን በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን አለቅልቁ። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት። የክዳኑን ቀዳዳ ንፉ።

ወጪው ከአንድ ሊትር ቤንዚንና ከአንድ ክንድ ጎማ አይበልጥም። ግማሽ ቀን ይበቃል። ድክመቱ፣ ታንኩ ከውስጥ የዛገ ከሆነ ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ለዚያ መስመሩ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ መጨመር ይረዳል።

አማራጭ 2፦ ካርቡሬተሩን ራሳችሁ ማጠብ

በእኔ ልምድ ሰው በጣም የሚፈራው፣ ግን ያን ያህል መፈራት የማይገባው ሥራ ይህ ነው። የሚያስፈልገው 10 ቁልፍ፣ ጥሩ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ነጭ ሳህንና ስልክ ነው። ስልኩ ለፎቶ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። በተለይ ስፕሪንጎቹን፤ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ከረሳችሁ ሞተሩ ፍጥነቱን መቆጣጠር ያቅተዋል።

በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ጋስኬት (ስስ ማሸጊያ)፣ ከዚያ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከዚያ ሌላ ጋስኬት አለ። ቅደም ተከተሉንና ፊቱን ሳትቀይሩ መልሱት። ከተገለበጠ ወይም ከተቀደደ ትርፍ አየር ይገባል፣ ታጥቦም አይሠራም።

ከታች ያለችው ጽዋ ስትፈታ፣ ነዳጁ ሲሞላ መርፌዋን ገፍቶ የሚያዘጋት ተንሳፋፊ ይታያል። የያዘውን ሽቦ አውጡ፣ ተንሳፋፊውንና መርፌዋን ሳህኑ ላይ አስቀምጡ። መሐል ላይ ያለችውን የነሐስ ጄት፣ ማለትም ነዳጁን በልክ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ በሚገጥማት ካቻቢቴ ፍቱ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ካቻቢቴ ጠርዙን ይበላዋል። ከእሷ በላይ በጎኑ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ አለ። እሱም ይወጣል። ሰው ጄቷን አጥቦ ይህን ቱቦ ይረሳዋል።

ጄቷን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩባት። ቀዳዳዋ ክብ ሆና ብርሃን ካሳየች ደህና ናት። የእኔ ጄነሬተር ዓምና በሌላ ጊዜ አልነሳ ሲለኝ፣ በጄቷ ያየሁት ብርሃን የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ነበረው። ቀሪው ግማሽ ማር በመሰለ ሙጫ ተደፍኗል። ቤንዚን ለወራት ተቀምጦ ሲተን የሚተወው ይህን ሙጫ ነው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል።

በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩት። ቀዳዳዋ ከሰፋች የምታሳልፈው ነዳጅ ይበዛል፣ አትመለስም። ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር አውጡና በእሷ አጽዱ። ከዚያ ሁሉንም ቀዳዳ በግፊት አየር ንፉ። ቤት ውስጥ ኮምፕሬሰር ከሌለ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ደቂቃ ነው። ተንሳፋፊውንና ጎማ ነክ ነገሮችን ሳታወጡ ግን አትንፉ። ዓይናችሁንም ጠብቁ።

አንድ ነገር አትንኩ፦ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን ብሎን። ብዙዎቹ ጄነሬተሮቻችን የምንፈልገውን 50 ኸርዝ የሚሰጡት ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ነው። ድምፁ ደከመ ብላችሁ ብሎኑን ብታጠብቁት ፍሪጁን ታቃጥላላችሁ።

ይህ አማራጭ ያለ ዕቃ ወጪ ማለት ይቻላል፤ ጋስኬቱ ካልተቀደደ። ለጀማሪ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቤንዚን ውስጡ ተቀምጦ እንዳይቀር ከተጠነቀቃችሁ ለረጅም ጊዜ ያቆያል።

አማራጭ 3፦ ጋራዥ ወስዶ ማስጠገን

መርፌዋ ካለቀች፣ ጋስኬቱ ከተቀደደ፣ ወይም ራሳችሁ አጥባችሁ ካልተመለሰ፣ የሚሻለው መካኒክ ነው። የጥገና ኪት የሚባል አለ፤ መርፌ፣ ጋስኬትና ቀለበት ጎማ አንድ ላይ የያዘ። ከሙሉ ካርቡሬተር በጣም ይረክሳል።

በጠዋት ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ሙቀቱም በርጫውም ስላለ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ለነገ ይባላል። «ታጥቧል» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ የትኛው ቀዳዳ ተደፍኖ እንደነበር ጠይቁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። የሚወስደውን ነዳጅ መጠን የሚያስተካክል ብሎን ካለው፣ ከመፈታቱ በፊት ስንት ዙር ክፍት እንደነበር ይቆጠር። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አማራጭ 4፦ አዲስ ካርቡሬተር

የሚገባበት ጊዜ አለ። ውሃ ብዙ ጊዜ ተኝቶበት ብረቱ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ከተበላ፣ አይታጠብም። ፍጥነት የሚጨምረውና የሚቀንሰው የጋዙ ምላስ የሚዞርበት ዘንግ አልቆ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ በዚያ አየር ይገባል፤ ይህም በማጠብ አይድንም። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ከጠፋም እንዲሁ።

ስትገዙ «የአምስት ተኩል ፈረስ ጉልበት» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያዙ። 168ኤፍ የሚል ካያችሁ 68 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቤተሰብ ግን 163 ሲሲም፣ 196 ሲሲም አለው፤ ካርቡሬተራቸው ከውጭ ቢመሳሰልም ጄታቸው ሊለያይ ይችላል። 188ኤፍ ደግሞ ሌላ ትልቅ ሞተር ነው፤ 389 ሲሲ። ከሁሉም የሚሻለው አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው። የብሎኖቹን ርቀት፣ የቾኩን ጎን፣ ነዳጅ የሚገባበትን አቅጣጫ ጎን ለጎን አስተያዩ።

ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ካርቡሬተሩን ቀጥ አድርጋችሁ በነዳጅ መግቢያው በአፋችሁ ንፉ፤ አየር ማለፍ አለበት። ገልብጣችሁ ንፉ፤ ተንሳፋፊው ወርዶ መርፌዋን ስለሚገፋት መዘጋት አለበት። ተገልብጦም የሚያሳልፍ ከሆነ ቤት ሲደርስ ይንጠባጠባል። ሻጩን ሌላ ጠይቁት።

አዲስ ካርቡሬተር ገጥማችሁ ታንኩን ካላጠባችሁ፣ ዝገቱ አዲሷን ጄት ይደፍናታል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይሄዳል።

አማራጭ 5፦ ሞተሩን ወይም ማሽኑን መቀየር

ግፊቱ የጠፋ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር የነዳጅ ችግሩ ቢፈታም ብዙ አይሄድም። የእኔ ድንበር ይህ ነው፦ አጠቃላይ ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ካለፈ እተወዋለሁ። ለነዳጅ ችግር ብቻ ብሎ ማሽን መሸጥ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። ፓምፕ ከሆነ ዘንጉንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ለክቶ ሞተሩን ብቻ መቀየር ይቻላል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚፈታው | ወጪ | የሚቆምበት ጊዜ | የማይረዳው መቼ ነው |
|---|---|---|---|---|
| ታንክና መስመር ማጽዳት | ውሃ፣ ዝገት፣ የክዳን መደፈን | በጣም ትንሽ | ግማሽ ቀን | ነዳጁ እስከ ካርቡሬተሩ ደህና ከወረደ |
| ራስ ማጠብ | የተደፈነ ጄት፣ የቆየ ቤንዚን | በጣም ትንሽ | ሦስት ሰዓት ገደማ | ዘንጉ ካለቀ፣ ብረቱ ከተበላ |
| ጋራዥና የጥገና ኪት | ያለቀ መርፌ፣ የተቀደደ ጋስኬት | መካከለኛ | አንድ ሁለት ቀን | ታንኩ ካልታጠበ |
| አዲስ ካርቡሬተር | የተበላ ወይም ያለቀ ካርቡሬተር | ከፍ ያለ | ዕቃው ከተገኘ አንድ ቀን | ችግሩ ከታንኩ ወይም ከእሳቱ ከሆነ |
| አዲስ ሞተር ወይም ማሽን | የግፊት መጥፋት፣ ዘይት መብላት | ከሁሉም የበለጠ | እስኪገዛ | ችግሩ የነዳጅ ብቻ ከሆነ |

የደንገጎን ዳገት ሲወጡ

የአካባቢያችን አንድ የተለየ ነገር አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ ሐሮማያ 2,000 ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይርቅ መንገድ 800 ሜትር ያህል እንወጣለን። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ነዳጁን ለወፍራም አየር በተሠራ መጠን መስጠቱን ይቀጥላል። ነዳጁ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል።

የአጎቴ ፓምፕ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ድሬ ተገዝቶ፣ ድሬ ተሞክሮ፣ ጥሩ ሠርቶ ወደ ሐሮማያ ወጣ። ድንችና ቀይ ሽንኩርት ያጠጣበታል። እዚያ ሲደርስ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጉልበቱም ወረደ። አጎቴ ሁለት ጊዜ አሳጠበው። ታጥቦ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም የተደፈነ ነገር አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የሚያስፈልገው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ጄት ነው። የእነዚህ ሞተሮች መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ሁልጊዜ ለሚሠራ ማሽን ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ይመክራል።

ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ሐሮማያ ላይ ይህ ከአምስት እጅ አንዱን ያልፋል። ስለዚህ ለሐረር ወይም ለሐሮማያ አዲስ ማሽን የምትገዙ ሰዎች፣ ወረቀቱ ላይ ካለው ጉልበት ይህን ቀንሱና ግዙ። ተቃራኒውም እውነት ነው። ለሐሮማያ በጠበበ ጄት የተስተካከለን ፓምፕ ድሬ አውርዳችሁ ብታሠሩት ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ጄቷን መቀየር አለባችሁ።

ለማን የትኛው?

እንደኔ ሱቅ ያላችሁና መብራት ሲጠፋ ገቢያችሁ የሚቆም፣ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ። የጥገና ኪትና አንድ ካንዴላ ቤት ይኑር። ወር ባለፈ ቁጥር መብራት ባይጠፋም ጄነሬተሩን አሥር ደቂቃ አሠሩት። ሲቆም በማጥፊያው አታጥፉት፤ የነዳጁን መክፈቻ ዝጉና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። ሙጫው የሚሠራው እዚያ የሚቀረው ጥቂት ቤንዚን ነው።

ጄነሬተሩን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የምትጠቀሙ ቤተሰቦች ደግሞ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ጀሪካን ውስጥ ባይቆይ ይመረጣል። ችግራችሁ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአማራጭ 1 ወይም 2 ያልቃል።

ገንዘብ በጣም ያጠረው ሰው በጠርሙሱ ሙከራ ይጀምር። ምንም አያስወጣም።

ትንንሾቹ፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቀዳባቸው ባለ ሁለት ምት ጄነሬተሮች ያላችሁ ድብልቁን አስተካክሉ። መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። በግምት ዘይት ማብዛት ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ማሳነስ ደግሞ ሞተሩ ነክሶ እንዲቆም ያደርገዋል።

ማሳ ላይ ፓምፕ ላላችሁ፣ ችግኝ ውሃ በሚፈልግበት ሳምንት ሁለት ቀን መቆም ከባድ ነው። ካርቡሬተሩ ያረጀ መሆኑን ካወቃችሁ በዝናብ ወራት፣ ፓምፑ በማይፈለግበት ጊዜ አስቀይሩት። ጀሪካኑን ደግሞ ውሃ ከሚቀዳበት ጀሪካን ለዩ። አጎቴ የእሱን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ፓምፑን አልሸጠውም። ጠባቧ ጄት ከተገጠመች ወዲህ ጭሱ ጠፍቷል። አሮጌዋን ጄት በፌስታል ጠቅልሎ ታንኩ እጀታ ላይ አስሯታል፤ ፓምፑን ድሬ ያለው ወንድሙ ሲዋሰው አብራ እንድትወርድ።